ስርዝ ድልዝ የሌለው ደረሰኝ፦ በፓይተን የማይለወጥ ኦብጀክት አሠራር

መግቢያ

በክፍል ውስጥ ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች ስንማር ቋንቋዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው እንደሚታዩ እናውቃለን። እንደ ጃቫና ሲ ፕላስ ፕላስ ያሉት የአንድ ቫሪያብል ዓይነት ምን እንደሆነ ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ዳይናሚክ የሚባሉት፣ ማለትም ፓይተን፣ ሩቢ፣ ጃቫስክሪፕትና የመሳሰሉት ደግሞ ይህን አይጠይቁም። ዛሬ ቁጥር የያዘው ስም ከአንድ መስመር በኋላ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ከዚያም አልፎ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በአንድ ኦብጀክት ላይ አዲስ አትሪቢዩት መጨመር፣ ያለውን መቀየር ወይም ጨርሶ መሰረዝ ይቻላል።

ይህ ነፃነት ሥራን ያፋጥናል። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ፓይተን ይህን ያህል ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ሊለወጥ በሚችልበት ቋንቋ ውስጥ መለወጥ የሌለበትን ነገር እንዴት እንጠብቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሙያው አጠራር ኢሚዩተብል የሚባለው፣ ማለትም አንዴ ከተፈጠረ በኋላ የማይለወጥ ኦብጀክት እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት ሩቅ አንሄድም፤ ከዲላ ወደ ደቡብ ወርደን ይርጋጨፌ ወረዳ ውስጥ ያለችውን ኮንጋን እንወስዳለን።

ለምን ኮንጋ?

ኮንጋ በቡናዋ ትታወቃለች። የኮንጋ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን አባል ነው። በመኸር ወቅት ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን ለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያመጣል፤ ቡናው ይመዘናል፤ ኪሎው ይጻፋል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ያ እሸት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ወደ መፈልፈያው ይገባል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቡናው አንዴ ከተቀላቀለ ወዲያ ተመልሶ ሊመዘን አይችልም። የገበሬው መረጃ ያቺ ደረሰኝና የመዝገቡ ቅጂ ብቻ ናት። ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲያከፋፍል ለአባሉ የሚደርሰው ድርሻ ባስረከበው መጠን ስለሚሰላ፣ የአንዲት ቁጥር መለወጥ በቀጥታ ከአንድ ቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ጉዳዩ ከማጠቢያ ጣቢያውም አልፎ ይሄዳል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚሠራው በመጋዘን ደረሰኝ ላይ ተመሥርቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ የተራዘመው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ደግሞ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች የበቀሉበት መሬት የት እንደሆነ በመረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ መረጃ ነገ በኮምፒዩተር የሚይዘውን ፕሮግራም የሚጽፈው ማን ነው? ከእኛው ዲፓርትመንት የሚመረቅ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

በወረቀቱ ዓለም ሒሳብ ያዦች ይህን ችግር ድሮ ፈትተውታል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደረሰኝ ተቀባይነት የለውም። ስህተት ከተገኘ በላዩ ላይ አይደለዝም፤ የተሳሳተው ደረሰኝ እንዳለ ሆኖ ይመከናል፣ አዲስ ይቆረጣል፣ ሁለቱም በጥራዙ ውስጥ ይቀመጣሉ። የማይለወጥ ኦብጀክት ማለት ይኸው ደንብ በኮድ ሲጻፍ ነው።

ችግሩን በዓይን ማየት

ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ የሚከተሉትን መስመሮች እንዳሉ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ገበሬ 42 ኪሎ አስረክቧል እንበል፤ ደረሰኙንም በሊስት እንያዘው።

>>> ደረሰኝ = ["ኮንጋ", 42, "ቀይ"]
>>> ቅጂ = ደረሰኝ
>>> ቅጂ[1] = 24
>>> ደረሰኝ
['ኮንጋ', 24, 'ቀይ']

ምን እንደሆነ አያችሁ? የነካነው «ቅጂ» የሚለውን ነው፤ የተለወጠው ግን ዋናው ደረሰኝ ነው። 42 የነበረው 24 ሆኗል፣ ገበሬው 18 ኪሎ ቀርቶበታል፣ ፓይተንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ምክንያቱ ሁለተኛው መስመር ቅጂ አለማውጣቱ ነው። በፓይተን የእኩል ምልክት ለአንድ ኦብጀክት ተጨማሪ ስም ያወጣለታል እንጂ ኦብጀክቱን አያባዛም። አንድ ሰው ሁለት ስም ቢኖረው ሰውየው ያው አንድ ነው።

በአሥር መስመር ፕሮግራም ውስጥ ይህን ማግኘት ቀላል ነው። ነገር ግን ደረሰኙ ለአንድ ፈንክሽን ተሰጥቶ፣ ያ ፈንክሽን ለሌላ አሳልፎ፣ ሦስተኛው ሪፖርት ለማሳመር ብሎ ቢቀይረውስ? ስህተቱ የተፈጠረበትና የታየበት ቦታ ይራራቃሉ። ዳይናሚክ ቋንቋ ላይ ጊዜ ከሚበሉ ስህተቶች አንዱ ይህ ዓይነቱ ነው።

ስምና ኦብጀክት ይለያያሉ

ወደ መፍትሔው ከመግባታችን በፊት ብዙዎቻችንን የሚያደናግር አንድ ነጥብ እናጥራ። የሚከተለውን ተመልከቱ።

>>> ሀ = 42
>>> ለ = ሀ
>>> ሀ += 1
>>> ለ
42

ቁጥር በፓይተን የማይለወጥ ኦብጀክት ነው። ታዲያ «ሀ» እንዴት 43 ሆነ? ትሉ ይሆናል። 42 የሚለው ኦብጀክት አልተነካም። «ሀ» የሚለው ስም ብቻ ከ42 ተነስቶ 43 ወደሚባል ሌላ ኦብጀክት ሄደ፤ «ለ» ግን በነበረበት ቆመ። ስለዚህ አለመለወጥ የኦብጀክቱ ጠባይ ነው፤ ስሙን ወደ ሌላ ኦብጀክት ማዞር ምንጊዜም ይቻላል። ቁጥሮች፣ ጽሑፎች፣ ቡሊያኖችና ተፕሎች የማይለወጡ ናቸው፤ ሊስት፣ ዲክሽነሪና ሴት ደግሞ የሚለወጡ ናቸው።

አንደኛ መንገድ፦ ተፕል

ቀላሉ መንገድ ከሊስት ይልቅ ተፕል መጠቀም ነው። የማዕዘን ቅንፉን በክብ ቅንፍ እንተካለን።

>>> ደረሰኝ = ("ኮንጋ", 42, "ቀይ")
>>> ደረሰኝ[1] = 24

አሁን ፓይተን ታይፕኤረር ብሎ ያቆመናል። ስህተቱ በተፈጠረባት መስመር ላይ ተያዘ ማለት ነው። ጉድለቱ ግን ንባብ ላይ ነው፤ «ደረሰኝ[1]» የሚለው ኪሎ መሆኑን ማን ያስታውሳል? ለዚህ መልስ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓይተን 2.6 ጋር የመጣው ኔምድተፕል ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ስም ስለሚሰጥ «ደረሰኝ.ኪሎ» ብለን መጥራት እንችላለን፤ ከውስጥ ግን ያው ተፕል ስለሆነ አይለወጥም።

ሁለተኛ መንገድ፦ በእጅ የሚሠራ ክላስ

ደረሰኙ የራሱ ሜተዶች እንዲኖሩት ከፈለግን ክላስ መጻፍ ይሻላል። በዳይናሚክ ቋንቋ ውስጥ አትሪቢዩት በተቀየረ ቁጥር ፓይተን ከበስተኋላ ሰትአትር የሚባል ሜተድ ይጠራል፤ ሲሰረዝ ደግሞ ደልአትር የሚባለውን ይጠራል። የሁለቱም ስም ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት አንደርስኮር አለው። ሥራው እነዚህን በሮች መቆለፍ ነው፦

ሀ) በክላሱ ውስጥ ሁለቱን ሜተዶች እንደገና ጽፈን ማንኛውም ጥሪ ሲመጣ አትሪቢዩትኤረር እንዲያስነሱ እናደርጋለን።

ለ) እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥመናል። ኢኒት የሚባለው ሜተድ ራሱ ኪሎውንና ቀኑን መጀመሪያ ሲያስቀምጥ በቆለፍነው በር ሊገባ ነው፤ እኛው የራሳችንን ቤት ቆልፈን ደጅ ቀረን ማለት ነው። ስለዚህ በኢኒት ውስጥ ብቻ የሁሉም ክላስ መሠረት የሆነውን የኦብጀክት ክላስ ሰትአትር ጠርተን እሴቶቹን እናስቀምጣለን።

ሐ) ስሎትስ በሚባለው የክላስ አትሪቢዩት የሚፈቀዱትን ስሞች እንዘረዝራለን፤ ቁጥር፣ ጣቢያ፣ ኪሎ፣ ቀን። ይህ ሲሆን ኦብጀክቱ አትሪቢዩቶቹን የሚያስቀምጥበት የራሱ ዲክሽነሪ አይኖረውም። ዲክሽነሪው ካለ ግን ሰትአትር ሳይጠራ በዚያ በኩል ገብቶ መቀየር ይቻላል።

መ) ሁለት ደረሰኞች እኩል የሚሆኑት መቼ እንደሆነና ሃሻቸው ከምን እንደሚሰላ እንጽፋለን።

የመጨረሻዋን ነጥብ አቅልለን ማየት የለብንም። ዲክሽነሪ አንድን ቁልፍ የሚያስቀምጠው በሃሹ መሠረት ነው። ሃሹ ከኪሎ የሚሰላ ኦብጀክት ቁልፍ አድርገን ካስገባን በኋላ ኪሎው ቢቀየር ዲክሽነሪው በአዲሱ ሃሽ ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል፤ ዕቃው ውስጥ እያለ «የለም» ይለናል። ሊስት የዲክሽነሪ ቁልፍ እንዳይሆን የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ መንገድ፦ የታሰረ ዳታክላስ

ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፓይተን 3.7 ዳታክላስ የሚባል አሠራር አመጣ። የአትሪቢዩቶቹን ስምና ዓይነት ብቻ ጽፈን «ፍሮዝን» የሚለውን ምርጫ እውነት ብናደርገው ኢኒቱን፣ የእኩልነት ፍተሻውን፣ ሃሹንና ሁለቱን ቁልፎች ራሱ ይጽፍልናል። ለመቀየር የሞከረ ሰው ፍሮዝንኢንስታንስኤረር ይገጥመዋል። በ2021 ከወጣው ፓይተን 3.10 ጀምሮ ደግሞ ስሎትሱንም በአንድ ምርጫ ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ፖስት ኢኒት በሚባለው ሜተድ ውስጥ ኪሎው ከዜሮ በላይ መሆኑን፣ የጣቢያው ስም ባዶ አለመሆኑን መፈተሽ እንችላለን። ኦብጀክቱ ስለማይለወጥ አንዴ የተፈተሸው ሁልጊዜ እንደተፈተሸ ይኖራል። ሌሎቹ ፈንክሽኖች «ይህ ኪሎ ትክክል ይሆን?» እያሉ በየደጃፉ አይጠይቁም።

ወጥመዱ፦ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል ላይ ደረስን። ገበሬው በሁለት ዙር 18 እና 24 ኪሎ አምጥቷል እንበል።

>>> ደረሰኝ = ("ኮንጋ", [18, 24])
>>> ደረሰኝ[1] += [10]

ፓይተን ታይፕኤረር ይላል። ደህና፣ ተከለከለ ማለት ነው ብለን እንዝናና ይሆን? ደረሰኙን እንጠይቀው።

>>> ደረሰኝ
('ኮንጋ', [18, 24, 10])

ኤረሩም መጣ፣ ለውጡም ተደረገ! የመደመርና እኩል ምልክቱ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሊስቱን እዚያው ባለበት ያስረዝመዋል፤ ሊስት የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ይህ ይሳካል። ቀጥሎ ውጤቱን ተፕሉ ውስጥ መልሶ ለማስቀመጥ ይሞክራል፤ ይህ ነው የሚከለከለው። ተፕሉ የሚጠብቀው የትኞቹን ኦብጀክቶች እንደያዘ ብቻ ነው፤ የያዛቸው ነገሮች ውስጣቸው ቢለወጥ አያገባውም። የታሰረ ዳታክላስም እንዲሁ ነው። ግንዱን ያስራል እንጂ ቅርንጫፉን አያስርም።

መፍትሔው የውስጡንም ማሰር ነው። ሊስት ሲመጣ ወደ ተፕል፣ ሴት ሲመጣ በ2004 ከፓይተን 2.4 ጋር አብሮ የተሠራ ዓይነት ወደሆነው ፍሮዝንሴት እንቀይራለን። ለዲክሽነሪ በ2012 በፓይተን 3.3 የገባው ማፒንግፕሮክሲታይፕ አለ፤ ነገር ግን ይህ እንደ መስኮት መስታወት ነው። በእሱ በኩል መንካት አይቻልም፤ ከጀርባው ያለውን ዋናውን ዲክሽነሪ የያዘ ሰው ግን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ አውጥቶ፣ ቅጂውን በመስታወቱ ሸፍኖ፣ ለማንም አለመስጠት ነው።

ስህተት ሲገኝስ?

ደረሰኙ ካልተለወጠ እውነተኛ የሚዛን ስህተት እንዴት ይታረማል? እንደ ወረቀቱ ነዋ! የዳታክላስ ሞጁል ሪፕሌስ የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ነባሩን ሳይነካ በተጠቀሱት አትሪቢዩቶች ብቻ የሚለይ አዲስ ኦብጀክት ይሠራል። አዲሱ ሲሠራ ኢኒትና ፖስት ኢኒት እንደገና ስለሚሮጡ ፍተሻው አይዘለልም። በአዲሱ ደረሰኝ ላይ «የሚተካው ቁጥር» የሚል አትሪቢዩት ጨምረን የመከነውን ቁጥር እንጽፍበታለን።

በቁጥር እንየው። በአንድ ቀን ሦስት ደረሰኞች ተቆርጠዋል፤ ቁጥር 1 ለ42 ኪሎ፣ ቁጥር 2 ለ35 ኪሎ፣ ቁጥር 3 ለ27 ኪሎ፣ ድምሩ 104። ማታ ላይ የቁጥር 1 ትክክለኛ ክብደት 24 መሆኑ በምስክር ተረጋገጠ እንበል። ቁጥር 4 ለ24 ኪሎ ይቆረጣል፣ ቁጥር 1ን እንደሚተካም ይጻፍበታል። የቀኑ ድምር ያልተተኩት ሦስቱ ተደምረው 86 ይሆናል። ነገር ግን ቁጥር 1 አልጠፋም፤ «18 ኪሎ የት ሄደ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገበሬም ሆነ ኦዲተር የሚታይ መልስ አለ። በሚለወጥ ኦብጀክት ብንሠራው ኖሮ 86 ብቻ ይቀር ነበር፤ ታሪኩ ይጠፋ ነበር።

ዋጋውና ገደቡ

ሁሉ ነገር የማይለወጥ ይሁን ማለታችን አይደለም። 10,000 ቁጥሮችን አንድ በአንድ በተፕል ላይ ብንጨምር በየጊዜው አዲስ ተፕል ስለሚሠራና የቀደመው ስለሚቀዳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይደረጋል። ስለዚህ እየሰበሰብን ሳለ ሊስት እንጠቀም፤ ስንጨርስ ወደ ተፕል እንለውጠው። ለቃሚው ቅርጫቱ ላይ ሲጨምርና ሲያወጣ ማንም አይከለክለውም፤ ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ግን የተጻፈው ተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ከባድ ነው። ፓይተን ውስጥ የቆለፍነውን በር ሆን ብሎ ሊከፍት የመጣ ፕሮግራመር ይከፍተዋል፤ እኛ በኢኒት ውስጥ የተጠቀምንበት የኦብጀክት ክላስ ሰትአትር ለእሱም ክፍት ነው። ስለዚህ የማይለወጥ ኦብጀክት የሚጠብቀን ከዝንጋታ እንጂ ከሌባ አይደለም። የጓሮ አጥር ነው፣ የባንክ ካዝና አይደለም። በተጨማሪም በሜሞሪ ውስጥ የማይለወጠው ደረሰኝ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ተራ ረድፍ ይሆናል። ከተንኮል ለመጠበቅ የዳታቤዝ ፈቃድን መገደብ፣ በየደረሰኙ ላይ የቀደመውን ደረሰኝ ዳይጀስት በኤስኤችኤ-256 አስልቶ ማያያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለገበሬው የወረቀት ቅጂውን በእጁ መስጠት ያስፈልጋል።

ሌሎች ዳይናሚክ ቋንቋዎችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ጃቫስክሪፕት በ2009 በወጣው አምስተኛው የኤክማስክሪፕት ደረጃ ኦብጀክት ፍሪዝን አግኝቷል፤ እሱም ላዩን ብቻ ያስራል፣ ስትሪክት ሞድ ካልተከፈተ ደግሞ የለውጥ ሙከራውን ያለ ምንም ኤረር ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሩቢ ፍሪዝ የሚባል ሜተድ አለው፤ የታሰረውን ለመለወጥ ሲሞከርም ኤረር ያስነሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው በዳይናሚክ ቋንቋ የማይለወጥ ኦብጀክት መሥራት የሚቻል ነው፤ በተፕል፣ በኔምድተፕል፣ በእጅ በተጻፈ ክላስ ወይም በታሰረ ዳታክላስ። ቋንቋው ግን የትኛው መረጃ ሊለወጥ እንደማይገባው አይነግረንም። ያንን የሚያውቀው የሥራውን ቦታ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ከመጻፋችን በፊት «ይህ ነገር በወረቀት ቢሆን ኖሮ መደለዝ ይፈቀድ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። የማይፈቀድ ከሆነ ኮዱም አይፍቀድ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቁጥር፣ ጣቢያ፣ ኪሎና ቀን ያለው የታሰረ ዳታክላስ ጻፉ። ኪሎው ከዜሮ በታች ሲሆን ኤረር እንዲያስነሳ አድርጉ።

2. «ሀ = ([],)» በሚለው ተፕል ውስጥ ያለውን ሊስት ሳትከለከሉ የምታስረዝሙበትን መንገድ አሳዩ። ይህ ተፕል የዲክሽነሪ ቁልፍ መሆን ይችላል? ለምን?

3. አራቱን ደረሰኞች በተፕል ይዛችሁ የተተኩትን ትቶ የቀኑን ድምር የሚያሰላ ፈንክሽን ጻፉ። መልሱ 86 መሆኑን አረጋግጡ።

4. የተካው ደረሰኝ ራሱ በሌላ ቢተካስ? ፈንክሽናችሁ ትክክለኛውን ድምር ይሰጣል?